ከጉልበቷ ጀርባ የበቀለው አጥንት

የእህቴ ጉልበት የቤተሰቡ ሁሉ ጉዳይ ነበር። አክስቴ ብርድ ነው አለች። አንዲት ጎረቤታችን ጅማት ዞሮባት ነው አሉ። አጎቴ ደግሞ በወጣትነቱ ልክ እንዲህ ያለ ነገር እንደነበረበትና ታሽቶ እንደዳነ ምሎ ተገዝቶ ነገረን። እህቴ መምህርት ናት፣ ቀኑን ሙሉ ትቆማለች። ስለዚህ "ድካም ነው" የሚለው ግምትም ብዙ ደጋፊ ነበረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጉልበቷ ጀርባ፣ የጭኗ አጥንት በሚያልቅበት አካባቢ፣ ጠንካራ እብጠት ይዳሰሳል። ሲገፉት አይንቀሳቀስም። ሲጫኑት አያማትም። ትኩሳት የለም። አልከሳችም። ሌሊት ከእንቅልፏ አያስነሳትም። ያስቸገራት ጉልበቷ እንደ ድሮው አለመታጠፉ ብቻ ነው። በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቡና ማፍላት ከበዳት። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ መስገድ ተወች። "አረጀሁ መሰለኝ" እያለች ትስቅበት ነበር። ገና በሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ ናት።

ስሟን ካልጠራሁ እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ግን ሰው በታመመበት ቤት አንዱ ልጅ ፋይል ያዥ ይሆናል፤ በእኛ ቤት እኔ ሆንኩ። ራጁን፣ ሲዲውን፣ ደረሰኙን፣ የላቦራቶሪ ወረቀቱን ይዤ ከኋላዋ እከተላለሁ። ማታ ማታ የተባልነውን አነባለሁ፤ ያልገባኝን በቀጠሮው ቀን እጠይቃለሁ። በዚያ ሁሉ ንባብና ጥያቄ መሃል አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ስለ ካንሰር የምንሰማው ምክር ሁሉ "ቶሎ በሉ" ይላል። የእህቴ ዓይነቱ ካንሰር ግን ጊዜ ይሰጣል። ብዙውን ጉዳት የሚያመጣው ምንነቱ ሳይታወቅ በችኮላ ሲነካ ነው።

የአጥንት ካንሰር ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው ከሌላ ቦታ የመጣውን ነው። የጡት ወይም የፕሮስቴት ካንሰር "አጥንቱ ውስጥ ገባ" ሲባል እንሰማለን። ከራሱ ከአጥንት የሚነሳው ጥቂት ነው። ከእነዚህ ውስጥ በልጆችና በወጣቶች ላይ በብዛት የሚታየው ኦስቲኦሳርኮማ ይባላል። ከአጥንቱ ውስጥ ይነሳል፣ ያማል፣ በፍጥነት ያድጋል፣ ወደ ሳንባ ይሄዳል። ካናዳዊው ቴሪ ፎክስ በ1977 በ18 ዓመቱ ቀኝ እግሩን ያጣው በዚህ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። በ1980 በሰው ሠራሽ እግር ካናዳን ከዳር እስከ ዳር ሊሮጥ ተነሳ። መንገድ ላይ እያለ ካንሰሩ ሳንባው ውስጥ ተገኘ፤ በሚቀጥለው ዓመት አረፈ። ኬሞቴራፒ ከመምጣቱ በፊት እግር ተቆርጦም እንኳ በሕይወት የሚቆየው ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ ነበር። ዛሬ በሽታው ሳይዛመት ከተደረሰበት ከአሥር ሰው ስድስት ወይም ሰባቱ አምስት ዓመትን ያልፋሉ።

የእህቴ በሽታ ከዚሁ ዘር ነው፤ ጠባዩ ግን ሌላ ነው። የሚነሳው ከአጥንቱ ላይ ነው። አጥንት ከውጭ የሚለብሰው ስስ ልባስ አለው፤ ሐኪሞች ፔሪኦስቲየም ይሉታል። አጥንት ሲሰበር መልሶ እንዲገጥም ከሚያደርጉት አንዱ እሱ ነው። በዚህ በአጥንቱ ላይኛው ገጽ ላይ የሚነሳው ኦስቲኦሳርኮማ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ፓሮስቲያል የሚባለው፣ የእህቴ፣ ከጠቅላላው ኦስቲኦሳርኮማ ከመቶ አራት ያህሉ ነው። በብዛት የሚወጣው እዚያው እሷ ጋ በወጣበት ቦታ፣ ከጉልበት ጀርባ ባለው የጭን አጥንት ላይ ነው። ከሃያ እስከ አርባ ዓመት ያሉ ሰዎችን ይይዛል፣ ሴቶችን ትንሽ ይበልጥ ያጠቃል፣ ሲያድግ ደግሞ ቀስ ይላል። ፔሪኦስቲያል የሚባለው በአሥራዎቹና በሃያዎቹ ዕድሜ ባሉት ቅልጥም ወይም ጭን መሃል ላይ ይወጣል፤ መካከለኛ ነው። ሦስተኛው ከሁሉም ብርቅ ሲሆን፣ ቦታው ላይኛው ገጽ ይሁን እንጂ ክፋቱ ከውስጠኛው አያንስም፤ የሚታከመውም እንደዚያው ነው።

በእጅ ሲዳሰሱ ሦስቱም ጠንካራ እብጠት ናቸው። ሕክምናቸው ግን አይገናኝም። የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ መቁረጥ የማይገባውም ለዚህ ነው።

እማዬ መጀመሪያ የወሰደቻት ወጌሻ ጋ ነው። እዚህ ላይ አንባቢ ምን እንደሚጠብቅ አውቃለሁ። ሰውዬው ግን በጣቶቻቸው ዳሰስ አደረጉና እጃቸውን ሰበሰቡ። "ይሄ ወለምታ አይደለም። አጥንቱ ራሱ ነው ያበጠው፤ ራጅ ትነሳ" አሉ። ገንዘብም አልተቀበሉም። ሁሉም እንዲህ አይደለም፤ በየሆስፒታሉ የአጥንት ክፍል እብጠቱ ለወራት ሲታሽ የቆየ፣ ወይም እግሩ በጠባብ እስር ደም አጥሮት ለመቆረጥ የደረሰ ልጅ ማየት አዲስ ነገር አይደለም። እህቴን ግን ወደ ራጅ የላካት ወጌሻ ነው፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል።

ራጁን የተነሳችው ሰፈራችን አካባቢ ባለ የግል ክሊኒክ ነው። ያዩዋት ሐኪም "ትርፍ አጥንት ነው፤ ሐሙስ ነይና እናወጣዋለን" አሏት። ዋጋው ተነገረን፤ ያን ያህል አይከብድም። ቤቱ በሙሉ ደስ አለው። ሐሙስ ይወጣል፣ ከሳምንት በኋላ ትምህርት ቤት ትገባለች። ካንሰር የሚል ቃል ማንም አላነሳም።

እህቴ ግን የተማሪ ፈተና ማረም የለመደች ናት፤ የተጻፈ ነገር እስከ መጨረሻው መስመር ታነባለች። ከራጁ ጋር የተሰጠን ወረቀት መጨረሻው ላይ ሲቲ ስካን እንዲነሳና የአጥንት ዕጢ የሚያክም ሐኪም እንዲያየው የሚል ምክር ነበረው። "ይሄ ሳይደረግ ለምን ሐሙስ?" አለች። እውነቱን ለመናገር ቤተሰቡ ተናደደባት። የማይረባ ወጪ ልታስወጣን ነው ተባለ።

በሰው በሰው ያገኘናቸው የአጥንት ቀዶ ሐኪም ራጁን ብርሃኑ ላይ ሰቅለው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ "እህቴ፣ ሐሙስ ምንም አይቆረጥም" አሏት። ቀጥለው ያደረጉትን እስካሁን አመሰግናቸዋለሁ። ወንበራቸውን አዙረው እንዴት እንደሚያዩት አሳዩን።

ራጁ ላይ እብጠቱ ነጭ፣ ድፍን፣ ጎበጥ ጎበጥ ያለ ነው። ግድግዳ ላይ ተመርጎ የደረቀ ጭቃ ይመስላል። በሰፊው ተለጥፏል፤ ከዳር በኩል ግን በእሱና በአጥንቱ መካከል ቀጭን ጥቁር መስመር አለ። ከአጥንቱ ጋር የተያያዘው በመሃሉ ነው፤ ጫፎቹ አጥንቱን ሳይነኩ ተጠግተው ይጠቀለላሉ። ይህን መስመር ያየ ሐኪም ወዲያው ፓሮስቲያልን ያስባል።

"ትርፍ አጥንት" የተባለው ነገርም ከመሬት ተነስቶ የተባለ አይደለም። ኦስቲኦኮንድሮማ የሚባል ክፉ ያልሆነ የአጥንት ቡቃያ አለ፤ በጣም የተለመደ ነው። ልዩነቱ በሲቲ ስካን ይታያል። በኦስቲኦኮንድሮማ የአጥንቱ ውስጥ መቅኔ ወደ ቡቃያው ውስጥ ቀጥ ብሎ ይገባል፤ አንድ ቤት ናቸው። የእህቴ ግን የአጥንቱ ግድግዳ እንዳለ ሆኖ እብጠቱ ከውጭ ተለጥፎበታል። ሌላም አለ፤ ኦስቲኦኮንድሮማ ሰው ቁመቱ ማደግ ሲያቆም እሱም ያቆማል። ሠላሳ ዓመት ካለፈ በኋላ የሚያድግ "ትርፍ አጥንት" ሊያጠራጥር ይገባል።

ደግሞ እህቴ ከጥቂት ጊዜ በፊት ደረጃ ላይ ተንሸራታ ወድቃ ነበር። ቤተሰቡ ይህን ሲያስታውስ ትልቅ እፎይታ ሆነ፤ ሰው ምክንያት ያለው በሽታ ይቀለዋል። እውነትም ከምት በኋላ ጡንቻ ውስጥ አጥንት የሚበቅልበት ሕመም አለ፤ ማዮሲቲስ ኦሲፊካንስ ይሉታል። እሱ ግን የሚጠነክረው ከውጭ ወደ ውስጥ ነው፤ ዳሩ አጥንት ሆኖ መሃሉ ገና ለስላሳ ይሆናል። የእህቴ ተቃራኒው ነው። ከሁሉም የጠነከረው ሥሩ፣ አጥንቱን የያዘበት ቦታ ነው። መውደቋ ነገሩን እንድታስተውለው አድርጓት ይሆናል እንጂ አላመጣውም።

ኤምአርአይ የተነሳችው ለሁለት ጥያቄ ነው። መቅኔው ውስጥ ገብቷል ወይ? ከጉልበት ጀርባ የሚያልፉትን ትልቁን የደም ሥርና ነርቭ ምን ያህል ተጠግቷል? ከዚያ የደረት ሲቲ ስካን፤ የአጥንት ሳርኮማ (ሳርኮማ የሚባለው ከአጥንት ወይም ከለስላሳ አካል የሚነሳ ካንሰር ነው) ሲዛመት አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ወደ ሳንባ ስለሆነ። ሳንባዋ ንጹህ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ናሙና መውሰድ ነው፤ ቤታችን የተናወጠውም ያኔ ነው።

እማዬ "ብረት እንዳይነካት" አለች። ይህን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። ካንሰር ብረት ከነካው ይቆጣል፣ ይበተናል ይባላል። በዚህ እምነት ስንቱ ሊድን የሚችል ሰው ከቀዶ ሕክምና ሸሽቶ እንደሞተ ማሰብ ያማል። ስለዚህ እኔም እንደ ተማረ ሰው ልቆጣ ተነስቼ ነበር። ሐኪሙ ግን አልተቆጧትም፤ እንዲያውም በከፊል ደገፏት።

ነገሩ ወዲህ ነው። በቦስተን የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል የነበሩት የአጥንት ዕጢ ሐኪም ሄንሪ ማንኪን ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1982 አንድ ጥናት አወጡ። የአጥንትና የለስላሳ አካል ሳርኮማ ያለባቸው 329 ሰዎች ናሙና ሲወሰድላቸው ምን እንደገጠማቸው የሚመረምር ነው። ውጤቱ ለሙያው አሳፋሪ ነበር። ብዙ የተሳሳተ ምርመራ፣ በተሳሳተ ቦታ የተቀደደ ቆዳ፣ በናሙናው አወሳሰድ ምክንያት ብቻ ያለ አስፈላጊነት የተቆረጠ እግር ሁሉ ነበረበት። በ1996 በ597 ሰዎች ላይ ደገሙት። ያን ያህል የተሻሻለ ነገር አልነበረም። ናሙናው የተወሰደው ሕክምናውን በሚሰጠው ማዕከል ሳይሆን ሌላ ቦታ ሲሆን ችግሩ ከሁለት እስከ አሥራ ሁለት እጥፍ ይበልጥ ነበር።

ምክንያቱ ቀላል ነው። መርፌው ዕጢውን ወግቶ ሲወጣ በመንገዱ ላይ የካንሰር ሴል ሊያንጠባጥብ ይችላል። ስለዚህ መርፌው የገባበት መስመር በሙሉ በኋላ በዋናው ቀዶ ሕክምና ከዕጢው ጋር አብሮ ተቆርጦ መውጣት አለበት። መርፌው በስንፍና በማይሆን በኩል ከገባ፣ ለምሳሌ በደም ሥሩ ጎን፣ ሊተርፍ የሚችል እግር ላይተርፍ ይችላል። ስለዚህ የሚወጋበትን ቦታ መምረጥ ያለበት በኋላ የሚቆርጠው ሐኪም ራሱ ነው፤ ወይም ከእሱ ጋር ተነጋግሮ የሚሠራ ሰው። ምስሎቹም ሁሉ ከናሙናው በፊት ያልቃሉ፤ መርፌው ከገባ በኋላ የሚፈጠረው እብጠትና ደም ምስሉን ያደበዝዛል።

ሐኪሙ ለእማዬ ይህን ሁሉ አልነገሯትም። "እናቴ፣ የምወጋት እኔው ነኝ፤ የወጋሁበትንም ቦታ በኋላ ቆርጬ አወጣዋለሁ" ብቻ አሏት። እማዬ አሰበችበት። "እንግዲያው አማትበህ ጀምር ልጄ" አለች። እሳቸውም እሺ አሉ።

እኔ እስካሁን የሚከነክነኝ ያ ሐሙስ ነው። ዕጢው በዚያ ቀን እንደ ትርፍ አጥንት ከላይ ተልጦ ቢነሳ ኖሮ ሥሩ እዚያው ይቀር ነበር። ፓሮስቲያል በዚህ መልኩ ሲነካ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይመጣል። ይባስ ብሎ ሲመለስ ጠባዩን ቀይሮ፣ ያ ዝግተኛው ነገር ፈጣን ሆኖ ሊመጣ ይችላል። የእማዬ "ብረት ከነካው ይቆጣል" እንደዚህ ዓይነቱን ታሪክ ካየ ሰው ተነስቶ የተወራ ይሆን እላለሁ አንዳንዴ።

የናሙናው ውጤትም እንዲሁ በቀላሉ አልመጣም። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ይህ ካንሰር ጨዋ ነው። ሴሎቹ ረጋ ያሉ፣ መሃላቸው ያለው አጥንት በሥርዓት የተደረደረ። ራጁን ያላየ ፓቶሎጂስት (ናሙናውን የሚመረምረው ሐኪም) ክፉ ያልሆነ ነገር ነው ብሎ ቢጽፍ አይፈረድበትም። ጌሽክተርና ኮፕላንድ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች በ1951 ይህን ዕጢ ለመጀመሪያ ጊዜ ለይተው ሲጽፉም የሰጡት ስም ፓሮስቲያል ኦስቲኦማ ነበር፤ ኦስቲኦማ ክፉ ላልሆነ የአጥንት ዕጢ የሚሰጥ ስም ነው። ከተቆረጠ በኋላ ተመልሶ ስለሚመጣ፣ አልፎ አልፎም ሳንባ ውስጥ ስለሚገኝ ዛሬ የሚቆጠረው ከሳርኮማዎቹ ጋር ነው። ዛሬ የሚረዳ ምርመራ አለ፤ በዚህ ዕጢ ሴሎች ውስጥ ኤምዲኤም2 የሚባለው ጂን ብዙ ጊዜ ተባዝቶ ይገኛል። የእህቴ ናሙና ለዚህ ወደ ውጭ አገር ተልኮ ነው የታየው። ክፍያው በዶላር፣ ጥበቃው በእኛ ልብ። ሐኪሙ በመሃሉ "አትጨነቁ፣ ይህ በሽታ በሳምንታት ውስጥ የትም አይሄድም" ይሉን ነበር። በፈጣኑ ኦስቲኦሳርኮማ ቢሆን እንዲህ አይሉም ነበር። እዚያ ሳምንት ሳምንት ነው።

ውጤቱ ሲመጣ ሁላችንም የጠየቅነው ስለ ኬሞ ነው። "ኬሞ አያስፈልግም" ሲሉን ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን ካንሰር አይደለም ማለት ነው አለ። ሌላው ደግሞ ተስፋ ቆርጠውባታል ማለት ነው አለ፤ አክስቴ እንባዋ መጣ። ሁለቱም አይደለም። ኬሞቴራፒ በዋናነት የሚመታው ቶሎ ቶሎ የሚባዛ ሴልን ነው። ቀስ የሚለው ፓሮስቲያል ለመድኃኒቱ እምብዛም አይበገርም፤ ልቧን፣ ኩላሊቷንና ጆሮዋን አደጋ ላይ ጥሎ የሚገኝ ትርፍ የለም። ጨረርም ቢሆን ለአጥንት ሳርኮማ ደካማ ነው። ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ማዕከል የነበረው የጥቁር አንበሳ ወረፋ የስንቱን ቤት እንዳስለቀሰ ስለምናውቅ፣ ያ ወረፋ ሳይመለከተን መቅረቱ ዕድል ሆኖ ታየን። ኬሞ የሚያስፈልገው ሦስተኛው፣ ክፉው ዓይነት ሲሆን፣ ወይም ፓሮስቲያሉ ውስጥ ጠባዩን የቀየረ ክፍል ከተገኘ ነው። ለመካከለኛው፣ ለፔሪኦስቲያል፣ ኬሞ ይጠቅማል አይጠቅምም በሚለው ሐኪሞች ራሳቸው አይስማሙም።

ስለዚህ ሁሉም ነገር ቢላዋው ላይ ወደቀ። የዚህ ቀዶ ሕክምና ሕግ ቆራጩ ዕጢውን እንዳያየው ነው የሚለው። ዕጢው ዙሪያውን በጤነኛ ሥጋና አጥንት ተጠቅልሎ፣ ሳይከፈት፣ አንድ ላይ ይወጣል። ቆራጩ ዕጢውን ካየው ነገር ተበላሽቷል። በእህቴ ሁኔታ ሁለት መንገድ ነበር። አንዱ የጭኗን አጥንት የታችኛውን ክፍል ከነመገጣጠሚያው አውጥቶ በብረት ጉልበት መተካት። ብረቱ ከውጭ ይመጣል፣ ውድ ነው፣ በወጣት ሰው ላይ ደግሞ ከዓመታት በኋላ ሊላላና ሌላ ቀዶ ሕክምና ሊጠይቅ ይችላል። ሌላው የአጥንቱን የኋላ ግማሽ ብቻ ቆርጦ የራሷን ጉልበት ማትረፍ። መቅኔዋ ውስጥ ገብቶ ስላልተገኘና የደም ሥሩን ስላልከበበው ሁለተኛው ተመረጠ። ክፍተቱ ከሌላው እግሯ በተወሰደ ፊቡላ በሚባለው ቀጭኑ የቅልጥም አጥንት ተሞላ፣ በብረት ሰሌዳና ብሎን ታሰረ።

ስለ ቀዶ ሕክምናው ቀን ብዙ የምለው የለኝም። ደም የሚሰጥ ዘመድ መሰብሰብ፣ ኮሪደር ላይ መቀመጥ፣ በር በተከፈተ ቁጥር መነሳት። ይህን ያላየ ቤተሰብ የለም።

የወጣው አጥንት በሙሉ ወደ ፓቶሎጂ ሄደ። ዳሮቹ ንጹህ ናቸው ተባለ። ጠባዩን የቀየረ ክፍልም አልተገኘበትም፤ በመርፌ የሚወሰደው ትንሽ ናሙና ይህን ሊስተው ስለሚችል ልባችን ተሰቅሎ የነበረው ለዚህ መልስ ነው። በንጹህ ዳር የወጣ ፓሮስቲያል ያለበት ሰው ከአሥር ዘጠኙ ያህል አምስት ዓመትን በሕይወት ያልፋል።

አሁን ያለ ክራንች ትሄዳለች። ጉልበቷ ሙሉ በሙሉ አይታጠፍም፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋም ከዚህ በኋላ ብዙ እንደማይጨምር ነግሯታል። ክፍል ውስጥ ከፍ ያለ ወንበር አስገብታለች። ተማሪዎቿ የብረቱን ራጅ ካላየን ብለው አስቸግረዋት አሳይታቸዋለች።

ክትትሉ ግን ረጅም ነው። ሌሎች ካንሰሮች አምስት ዓመት ሲሞላቸው ሰው "አለፈ" ይላል። ቀስ የሚለው ግን ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰውም፤ አሥር ዓመት ቆይቶ ሊመጣ ስለሚችል የእግር ራጅና የደረት ምስል ለዓመታት ይቀጥላል። እያንዳንዱ አዲስ ምስል ከመጀመሪያው ጋር ተያይቶ ነው ትርጉም የሚኖረው። ሆስፒታሎቻችን ደግሞ የድሮ ምስል ያስቀምጣሉ ብላችሁ አትተማመኑ። ሲዲ ይጫራል፣ ይሰበራል፣ አዲሱ ኮምፒውተርም ሲዲ ማንበቢያ የለውም። እኔ ሁሉንም ቀድቼ ሁለት ቦታ አስቀምጫለሁ። የሚቀጥለው ቀጠሮ ከመስቀል በኋላ ነው። የምስል ክፍሉ ሰዎች ቫይረስ ያመጣል ብለው ፍላሽ አይቀበሉም፤ ባዶ ሲዲ ይዛችሁ ሂዱ።